ያለ ባና፣ ባዶ ውሃ

ሸሚዙ እጄ ላይ ነው የተከፈተው።

ወንዝ ዳር ተንበርክኬ የልጄን ልብስ እያጠብኩ ነበር። ለመስቀል መጥታ፣ ከረም ሳትል ወደ ሥራዋ ስትመለስ ጥላው የሄደችው ነጭ የጥጥ ሸሚዝ ነው። ሳሙና ሳስነካው ደኅና ነበር። ለቅለቅ ሳደርገውም ደኅና ነበር። ልጨምቀው ሁለት እጄን ወዲያና ወዲህ ሳዞር ግን ድምፅ ሳያሰማ ተበጣጠሰ። ጨርቅ ሲቀደድ ጠር ይላል፤ እሱ ጠር አላለም። ውሃ ውስጥ እንዳደረ ወረቀት ሟሸሸ እንጂ። ብድግ አድርጌ ወደ ብርሃን ብይዘው ደረቱና እጅጌው በቀዳዳ ተሞልቷል። በቀዳዳዎቹ ማዶ የኑጉ ማሳ ቢጫ አበባውን ለብሶ ሲወዛወዝ ይታየኛል።

መጀመሪያ ብል መሰለኝ። ብል ግን ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ልብስ ነው የሚበላው፤ ልጄ ይኼን ለብሳው ነው የመጣችው። አይጥ ነው እንዳልል ጥርስ አልነካውም። ነጠብጣብ ነው፤ ዝናብ የጀማመረው ሜዳ ይመስላል። ቀኝ እጅጌው ላይ ይበዛል።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ቤት በነበረችበት ሰዓት ሁሉ የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቷ ጎትታ ነበር የምትበላው። ላስታጥባት ማንቆርቆሪያውን ሳነሣ «ተይው እናቴ፣ ራሴ እታጠባለሁ» ብላ ወደ ደጅ ወጣች። ከተማ ለመደች፣ እናቷ ስታስታጥባት አፈረች ብዬ ሳቅ ብዬ ነበር። እንግዲህ ጨርቁን እንዲህ ያደረገ ነገር፣ ከጨርቁ በታች ያለውን የልጄን ገላም ነክቶታል ማለት ነው። ሳሙናው ከእጄ አምልጦ ውሃው ወሰደው። ልከተለውም አልተነሣሁም።

ለእናንተ እንዲገባችሁ፣ እኔ ልጄን ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ ባትሪ የምትሸጥ ነበር የምትመስለኝ። ቡሬ ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ ያገኘች ጊዜ በስልክ «እናቴ፣ ባትሪ ቤት ገባሁ» አለችኝ። እኛ አገር ባትሪ ማለት በእጅ ተይዞ መንገድ የሚያሳየው ነው። ሆዱ ውስጥ የሚገባው ደግሞ ባትሪ ድንጋይ ነው፤ እናቶቻችንም እንዲያ ነበር የሚሉት። እኔም መርቄ መርቄ ሳበቃ «እንግዲያው ባትሪ ድንጋይ እንዳትረሽኝ» አልኳት። በስልኩ ውስጥ ብዙ ሳቀች። የሥራ ደስታ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ ከቡሬ ሰው በመጣ ቁጥር በፌስታል ባትሪ ድንጋይ ይደርሰኛል። ባትሪዬ ደብዝዞ አያውቅም። ላሟ ስትወልድም፣ ጅብ በረቱን ሲዞርም፣ የማበራው ልጄ በላከችው ነው። ጎረቤት ሲያወራኝ «የኔ ልጅ እኮ በብርሃን ነው የምትነግደው» እላለሁ። እሷም አልዋሸችኝም። እኛ ዘንድ አንዷን ቃል በሁለት ሆዷ የሚናገር ሰው ይመሰገናል። ልጄ ይኼን በእኔ ላይ እየሠራችው መሆኑን ግን አላወቅኩም።

ዘንድሮ ክረምቱ ሊገባ ሲል ሰዎች መጡ። ከሰፈራችን በታች ጥቁር ጉብታ አለ፤ ጠጠሩ እንኳ ከመጠኑ በላይ ይከብዳል። ማግኔት አስጠግተው ድንጋዩ ልጥፍ ሲል እያዩ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ከቅዳሴ መልስ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ሰብስበውን፣ በዚህ ዓይነት ድንጋይ ውስጥ ለትልቅ ባትሪ የሚሆን ነገር ይገኛል፣ ገና ይጠናል፣ ከተገኘ ገንዘባቸውን የሚያፈሱ ባለሀብቶች አሉ ብለው አስረዱን። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡና «የባትሪ ድንጋይ ከመሬት የሚበቅል ከሆነማ፣ እኛ ዘሩን እየጣልን ኖረናል» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። በማግሥቱ ግን የሳቀው ሰው ሁሉ ያለቀበትን ባትሪ ድንጋይ ከጣራ ሥር፣ ከጓሮ እየለቀመ በከረጢት ይዞላቸው ሄደ። ባለማግኔቱ ልጅ በትሕትና መለሰው። ይኼ ሌላ ነው አባቶቼ፣ ሕፃናትም አይንኩት አለ። እኔም ይዘው ከሄዱት ውስጥ ነበርኩ። የልጄንና የጉብታውን ነገር ግን በአንድ ላይ አላሰብኩትም።

የተቀዳደደውን ሸሚዝ በፌስታል ቋጥሬ ስልክ ወደሚሠራበት ቁልቋል ያለበት ጫፍ ወጣሁ። ነፋሱ ኃይለኛ ነው። ድምፅዋ እንደ ተጎነጎነ ገመድ እየተፈታ ይመጣል። ሸሚዝሽን ምን በላው አልኳት። አንድ ረጅም ነገር ተናገረች፤ ወደ እኔ የደረሰው ቁርጥራጩ ነው።

«አትፍሪ... ያለ ባና... ባዶ... ውሃ...»

ተቋረጠ። ብደውል ብደውል እምቢ አለ።

እዚያው ተቀምጬ ቃሎቹን እንደ ዶቃ ሰካኋቸው። ያለ ባና፣ ባዶ ውሃ። ልጄ ያለ ባና ነው የምትተኛው ማለት ነው። ባና እኮ ከበግ ጠጉር የሚሠራው ወፍራም ልብስ ነው፤ ቡሬም ቢሆን ሌሊቱ ይበርዳል። ባዶ ውሃ ላይ ነው የሚያስተኟት። እርጥበት ነው ጨርቋን ያበሰበሰው፤ ገላዋም እንዲሁ ሊበሰብስ ነው። አሁን ስጽፈው ለእኔም ያስቃል። ያን ሰዓት ግን ሌላ ምን ላስብ? ልጄ በሩቁ ባና ስጪኝ ያለችኝ መሰለኝ።

የአባቷን ባና ከሣጥኑ አወጣሁት። እሱ በሕይወት ሳለ በቆሎ ሲጠብቅ ማማ ላይ ለብሶት ያድር ነበር። ካረፈ ወዲህ ማንም አልለበሰውም። ጢስ ጢስ፣ በግ በግ፣ ትንሽም እሱን እሱን ይሸታል። ጠቅልዬ ጀርባዬ ላይ አዘልኩት፤ እሷን ሕፃን ሆና ያዘልኳትን ያህል ከበደኝ።

ጎሕ ሲቀድ ወጥቼ ማንኩሳ አስፋልቱ ላይ ጠበቅሁ። በዚህ ዘመን መኪና መኖሩም አንድ ጸሎት ይጠይቃል። ሚኒባስ ሲቆም ረዳቱ ሸክሜን ነካ ነካ አድርጎ «ማዘር፣ በጉን ከነነፍሱ ነው የጫኑት?» አለኝ። ጠጉሩን ነው፣ ሥጋውን የበላኸው አንተ ትሆናለህ አልኩት። ተሳፋሪው ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። አፌ ነው የሳቀው።

ጉም ሜዳው ላይ ተኝቷል። ከጉሙ በላይ የዛፎቹ ራስ ብቻ ይታያል፤ መኪናው በነጭ ውሃ ላይ የሚሄድ ይመስላል። መስኮቱን ተደግፌ ሸለብ ሲያደርገኝ ልጄን አየኋት። በኑጉ መካከል ቆማ ትስቃለች። ሰውነቷ ሁሉ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ቀዳዳ ነው፤ በየቀዳዳው ማዶ አበባው ሲወዛወዝ ይታየኛል። አያማትም። «እናቴ፣ ነፋሱ ያልፍብኛል» ትለኛለች። ባንኜ ስነሣ ባናውን አንቄ ይዤዋለሁ።

ቡሬ ስደርስ የባጃጁን ልጅ ባትሪ የሚሸጡበት ሱቅ አድርሰኝ አልኩት። ልጄ የምትሠራበት፣ ትልቁ ባትሪ ቤት ብዬ ባስረዳው ዞሮ አየኝና «የውሃው ባትሪ ጋ ነዋ! እዚያ ሱቅ የለም እናቴ፣ ጋን ነው ያለው» አለ። የውሃ ባትሪ። ባዶ ውሃ ያለችኝ ትዝ አለኝና ቶሎ ንዳው አልኩት።

ቦታው ከከተማው ወጣ ይላል። ሰፊ የሽቦ አጥር፣ ውስጡ ወደ ሰማይ የተንጋለሉ ጥቋቁር የፀሐይ መስታወቶች፣ ከዚያ ወተት ማቀዝቀዣ ቤት፣ ከጎኑ ደግሞ ከጎጆ የሚተልቁ ሁለት የፕላስቲክ ጋኖች። ንብ ቀፎ ውስጥ የምታሰማውን ዓይነት ድምፅ ከወደ ጋኖቹ ይመጣል። በሩ ላይ ያሉት ጥበቃ ዕድሜያቸው የገፋ ናቸው። እንግዶች ስላሉ ዛሬ መግባት አይቻልም እሜቴ፣ ልጅዎን ግን እጠራልዎታለሁ አሉኝ። እውነትም ዘመናይ ልብስ የለበሱ ሰዎች ከቦታው መሐንዲስ ጋር በመስታወቶቹ መካከል ወዲያ ርቀው ይዞራሉ።

ልጄ መጣች። የጎማ ቦት፣ እስከ ክንድ የሚደርስ ጓንት፣ ዓይኗን ሁሉ የሚሸፍን መነጽር አድርጋለች። ከፊቷ የጎማ ሽርጥ አለ፤ ጎኑ ላይ ተተርትሮ በሲባጎ ታስሯል። መነጽሩን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ስታየኝ ፊቷ ተለዋወጠ።

«እናቴ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«ባናሽን አመጣሁልሽ።»

«የምን ባና?»

«ያለ ባና ባዶ ውሃ ላይ ነኝ አላልሽኝም?»

አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ሳቋ ከሆዷ ተነሥቶ መጣ፤ ብሎኬት ላይ ቁጭ እስክትል፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ጥበቃውም ሳይገባቸው ሳቁ።

«ባና አይደለም እናትዬ። ቫናዲየም ነው። አትፍሪ፣ ያለ ቫናዲየሙና ያለ አሲዱ ሌላው ባዶ ውሃ ነው ብዬሽ ነበር።»

ቫናዲየም ያለችው፣ እነዚያ ባለማግኔቶች ጉብታችን ውስጥ የሚፈልጉት ነገር ነው። ከድንጋይ ይወጣል፣ በአሲድ ውሃ ይሟሟል፣ ጋኖቹ ውስጥ ይገባል። ከጋን ወደ ሣጥን፣ ከሣጥን ወደ ጋን ሲመላለስ ይውላል። ቧንቧው መሐል ላይ ብርጭቆ የመሰለ ቦታ አለው፤ በአጥሩ ቀዳዳ እንዳይ ወሰደችኝ። ፀሐይ ስትበረታ በአንደኛው ጋን ሰማያዊው ወደ ቢጫ ይለወጣል አለችኝ፤ በሌላኛው አረንጓዴው ወይን ጠጅ ይሆናል። ማታ መብራት ሲሰጥ መልሶ ወደ ነበረበት ይሄዳል። ያን ሰዓት ረፋድ ነበር፤ በብርጭቆው የሚያልፈው ውሃ ሰማያዊም አይደል፣ ቢጫም አይደል፣ በመሐከል ሆኖ ያመነታል። ፀሐይን ቀን ውሃ ውስጥ አስገብተው ማታ ቀስ ብለው የሚያወጧት ነው። ፍርሃቴን ይዤ፣ ሳላስበው፣ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። የአደይ አበባ ቀልጦ ሲፈስ ያየሁ ያህል ነበር።

ከዚያ «እጅጌሽን ስቢው» አልኳት።

አልፈለገችም። ደግሜ ስላት ጓንቱን አውልቃ ሳበችው። ከእጇ አንጓ በላይ ቀያይ ነጠብጣቦች አሉ፤ አንዳንዱ ድኗል፣ አንዳንዱ ገና ነው። ቧንቧው መጋጠሚያው ላይ እያንጠባጠበ ነው፣ ሽርጡ ሲቀደድ ሌላ ጠይቀናል፣ መንገድ ላይ ነው ተባልን፣ ትንሽ ነገር ነው አለችኝ። ነይ ልብስሽን ያዢና እንሂድ አልኳት። ዛሬ አይሆንም አለች። እነዚህ እንግዶች ከወደዱት ጋኖቹን ያበዟቸዋል፤ ለየገጠሩ ጤና ጣቢያ፣ ለየመስኖው ሞተር ሊተክሉ ነው። ያን ጊዜ ሌሎቹን የማስተምረው እኔ ነኝ ስትል ዓይኗ በራ። ልጅ እንዲህ ሲበራ ማጥፋት ከባድ ነው። ቢሆንም ላጠፋው ፈልጌ ነበር፤ አልዋሽም።

«ባትሪ ነው አልኩሽ፣ ባትሪ ነው። ምን ዋሸሁሽ?» አለችኝ።

«አልዋሸሽም። እውነቱን ግን የነገረኝ ሸሚዝሽ ነው።»

ያን ስል ከጋኖቹ በኩል ሲጥጥ የሚል ድምፅ መጣ። የፈላ ማሰሮ ክዳኑን ሲገፋ እንደሚያሰማው ነው፤ ከዚያ ኃይለኛ ሆነ። ያ የሚያንጠባጥበው መጋጠሚያ ለቆ ውሃው በቀጭኑ እየተረጨ ነው። ልጄ ሮጣ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀይ ቁልፍ መታችው። የንቡ ድምፅ ጸጥ አለ፤ መርጨቱ ግን አልቆመም፤ ጋኑ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ በራሱ ክብደት ይገፋል። የሚዘጋው መዘውር ያለው ከርጭቱ ጀርባ ነው። ጥበቃው መሐንዲሱን ሊጠሩ እየተንገዳገዱ ሮጡ። ከጋኑ ሥር የሚፈሰውን የሚይዝ የሲሚንቶ ገንዳ አለ። የሚረጨው ግን ገንዳውን አልፎ ወደ ቦዩ እየደረሰ ነበር፤ ቦዩ ደግሞ ከብት ወደሚጠጣበት ወንዝ ይወርዳል።

ልጄ ሽርጧን አየች። የተቀደደውን ጎኑን ዳሰሰች። ከዚያ ጀርባዬ ላይ ያለውን አየች።

«ስጪኝ።»

ተከትያት በሩን ማለፌን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ባናውን ያዝኩት። እሷ ትስባለች፣ እኔ አልለቅም። አላለቀስኩም፣ አልጮህኩም፤ ዝም ብዬ መያዝ ነው። ፊቷን ወደ ፊቴ አስጠግታ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ቀስ ብላ ተናገረች።

«እናቴ፣ ይኼ ሱፍ ነው። አሲዱ ቶሎ የሚበላው ጥጡን ነው፤ ሱፉን እስኪበላው እወጣለሁ። ልቀቂኝ።»

ለቀቅሁ። አምኛት ይሁን ጣቶቼ ደክመው ይሁን አሁንም አላውቅም።

በርሜል ውሃ ውስጥ ነክራ አወጣችው። ከራሷ እስከ ጉልበቷ ተጠቀለለችበት፤ ጓንቷን መልሳ አጠለቀች፤ የሚታየው ዓይኗ ላይ ያወረደችው መነጽር ብቻ ነው። ከዚያ ሄደች።

ያኔ ያየሁትን እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ። ከኋላዋ ሳያት የምትሄደው ልጄ አልነበረችም። አባቷ ከማማው ወርዶ፣ ያንኑ ባና ተከናንቦ፣ በቢጫ ዝናብ ውስጥ ወደ በቆሎው እየገባ ነበር። ፀሐይዋ ርጭቱ ላይ አርፋ ቀስተ ደመና ሠርታለች። ጠብታው ባናው ላይ ይወድቅና እንደ ጤዛ ተንከባልሎ ይወርዳል። ዓለሙ ሁሉ ድምፅ አጣ። የሚያምር ነገር ነበር፤ እንዲህ ያማረ ነገር ልጄን ሊገድላት ይችላል ብዬ አሰብኩ። የአጥሩን ሽቦ ጨብጬ እመቤቴን ጠራኋት። አንተ ሰውዬ፣ ጠብቀህ ታውቃለህ፣ እስኪ ጠብቃት አልኩት ባሌን፤ በሕይወት ያለ ይመስል።

ባናው ጎንበስ አለ። ክንዱ ሲዞር፣ ሲዞር፣ ሲዞር አየሁ። ሲጥጥ የሚለው ድምፅ ቀጠነ። ከዚያ ጠብ፣ ጠብ። ከዚያ ምንም።

ዞራ ስትመጣ ልይዛት ሮጥኩ። «አትንኪኝ! ውሃ!» አለችኝ። የወለድኳትን ልጅ አትንኪኝ ስትለኝ፣ ከዚያ ቀን ሁሉ ያቺ ቃል ነች የወጋችኝ። ባናውን ጥላ ቧንቧው ሥር ቆመች። ጥበቃው ተመልሰው ነበር፤ እሳቸው በባልዲ፣ እኔ በጣሳ፣ አፈሰስንባት። ውሃ ሳፈስላት፣ እጇን ላስታጥባት እምቢ ያለችኝ ትዝ አለኝና ያን ጊዜ አለቀስኩ። ዓይኗን አየሁ፣ ደኅና ነው። አንገቷን አየሁ፣ ደኅና ነው። ጓንቱና እጅጌው ከሚለያዩበት ቦታ ላይ አውራ ጣቴን የሚያህል ቀይ ነገር አለ። እሱ ብቻ ነው።

መሐንዲሱ እያለከለከ ደረሰ፤ እንግዶቹ ከኋላው። እኔ ብዙ ልለው ያሰብኩት ነበር፤ ልጄን ደኅና ነሽ ወይ ሲላት ስሰማ ተውኩት፤ እሱም የአንድ እናት ልጅ ነው። ቦዩን በኖራ አስደፈነ። መጋጠሚያው ተለውጦ፣ ለሠራተኛውም ሙሉ ልብስ መጥቶ እስኪያበቃ ጋኖቹ አይሠሩም፣ ሁላችሁም ወደየቤታችሁ ሂዱ አለ። ከእንግዶቹ አንዱ መሬት ላይ የወደቀውን ባና ጎንበስ ብሎ ሲያየው ቆየ። ምን እንዳሰበ አላውቅም።

ጤና ጣቢያ ነርሷ ቁስሉን ደግማ አጠበችውና ቅባት ቀባችው፤ ጠልቆ አልገባም፣ ይድናል አለች። ባናውንም ልጄ በብዙ ውሃ አጥባው ነበር። ስንመለስ በመኪናው ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ሳብኩት። እንደ ሸሚዙ ይከፈታል ብዬ ፈራሁ። ጠርዙ ትንሽ አረንጓዴ ሆኗል እንጂ አልተከፈተም። ደግሜ በኃይል ሳብኩት። ልጄ አንድ ዓይኗን ገልጣ «ስታበቂ መልሰሽ አልብሽኝ» አለችኝና ትከሻዬ ላይ ተኛች። ጠዋት ጉም የነበረበት ሜዳ አሁን ወለል ብሏል። ኑጉ በሁለት ወገን ያልፋል፤ ቢጫው አሁንም ያምራል፣ እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም።

ከማንኩሳ ስንወርድ፣ ልብሱ ሲመጣ እመለሳለሁ እናቴ፣ እንዳትከለክይኝ አለችኝ። አልከለክልሽም፣ ሽርጡን ግን መጀመሪያ እኔ በእጄ ስቤ ነው የማየው አልኳት። እሺ አለች። በጥቁሩ ጉብታ ሥር ስናልፍ ቆም ብላ አንድ ጠጠር አነሣች፣ በመዳፏ መዘነችው፣ መልሳ አስቀመጠችው።

ፀሐይ ስትጠልቅ ቤት ደረስን። መደቡ ላይ አስተኛኋት፤ ባናው ገና እርጥብ ስለሆነ ጋቢዬን አለበስኳት። ሲጨላልም በላከችልኝ ድንጋይ ባትሪዬን አብርቼ እጇን አየሁት። እጅጌዋን አልጎተተችም። ቀዩ ቦታ እዚያው ነው፣ አልሰፋም። ትተነፍሳለች። በሩን ቀረቀርኩ።

ቤታችን ገብተናል። ልጄ ደኅና ናት። እኔም ደኅና ነኝ።